በገዛ ድምፁ የተተካው ሰው

ሰው በገዛ ድምፁ ከሥራው ሲባረር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ ሰማች፤ ያውም በቤቷ፣ ያውም አንዱን ካልሲ አጥልቃ ሌላውን አልጋ ሥር ተንበርክካ ስትፈልግ። የእሷን መኝታና ማድ ቤቱን የሚለየው አንድ ችፑድ ነው፤ አባቷ ደግሞ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሃያ ሁለት ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያ ተሳፋሪ ሲጣራ የኖረ፣ ሾፌሮቹ ጥሩምባው እያሉ የሚጠሩት ሰው «ቀስ ብዬ ልንገርሽ» ሲል ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ለእናቷ የነገራት ይህን ነበር፦ የዛሬ ወር ገደማ የመናኸሪያው ኃላፊ ቢሮው አስጠርቶ፣ ለስላሳ ከፍቶለት፣ «ለሙከራ ነው» ብሎ ማይክ ፊት አስቀመጠው። የአውቶቡሶቹን ስም፣ ሰዓቱንና የበሩን ቁጥር እየለየ ግማሽ ቀን ሲጣራ ዋለ። በሳምንቱ ሰኞ ድምፅ ማጉያው ከአንዲት ትንሽ ሳጥን ጋር ተገጥሞ በእሱ ድምፅ መጣራት ጀመረ፤ ኃላፊውም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ከእንግዲህ ጉሮሮህን አሳርፍ» አለው። ይህ ከሆነ ሃያ ቀን አለፈው። ሃያ ቀን ሙሉ ጃኬቱን ለብሶ በሰዓቱ ሲወጣ፣ በሰዓቱ ሲገባ ከርሟል። የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ቀጥ አለ። «ሃያ ቀን?» አለች። ለልጅቷ እንዳትነግራት ለመናት። ትንሽ ቆይቶ መኪናው እንደገና መንኳኳት ጀመረ።

በዚያ ቤት ነገር ሲከብድ ዝም ይባላል፤ ዝም አይነቅዝም የእናቷ ሃይማኖት ነው። ስለዚህ ልጅቷ በሁለት ዓይነት ካልሲ ብቅ ስትል እናቷ ከጨርቁ ቀና ሳትል ዳቦው ሳህን ላይ እንዳለ ነገረቻት፣ አባቷም ሻይዋን አማሰለላት። ቀና ብላ ልታየው ፈራች፤ ካየችው የሰማችው ሁሉ ፊቷ ላይ ይነበባል። ሦስቱም ዳቦ አኘኩ። እሷን ግን ዳቦው አልወርድ ያላት ከሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ውስጧ አንድ ነገር ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ይራመድ ጀምሮ ነበር። የትምህርት ቤታቸው ራዲዮ ጣቢያ ድምፅ ተቆጣጣሪ ነች፤ ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው እሷ ነች። የተበላሸ ማይክ በሦስት ክፍል ርቀት ስለምታውቅ ጓደኞቿ ጆሮ ይሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ሲያጋጥም ነው። መናኸሪያው ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ሃያ ቀን ሙሉ የአባቷን ድምፅ በክፍሏ መስኮት ስትሰማ፣ ያ ድምፅ አንድ ጊዜ እንኳን አለማሳሉን ልብ አላለችም።

ራዲዮ ጣቢያው ድሮ የኬሚስትሪ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ እስከ ዛሬም አሲድ አሲድ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፏል፣ በላዩ ላይ የአንዱ ተማሪ አክስት የሰጠችው ብርድ ልብስ ተወጥሯል፣ አንቴናው ውሃ ታንከሩ አናት ላይ ታስሯል። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ትምህርት ቤቱን፣ ዙሪያውን ያሉትን ሰፈሮችና መናኸሪያውን ያዳርስና ድልድዩ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቃል። ቢሆንም ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ከሩብ ያሉት አርባ አምስት ደቂቃዎች የተማሪዎቹ ናቸው። የፊዚክስ መምህሩ በሩን ይከፍትና ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጭስ ካላየ አይገባም፤ ስምምነታቸው ነው። የቀረውን አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ይሠሩታል። ዋና አዘጋጇ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ መቀስ ነች፤ የማትቆርጠው ጽሑፍ ስለሌለ ስሙ ወጣላት። ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ለምን የሚባለው ልጅ ነው፤ እናቱ ጨው አቀብለኝ ስትለው እንኳን ለምን ይላል ይባላል። ደንባቸው በሩ ጀርባ ላይ በማርከር ተጽፏል። የዘመድህን ወሬ አትሥራ ይላል፣ የተወቀሰውን ሰው ሳትጠይቅ አታውራ ይላል፣ ከሁሉም በላይ ባለቤቱ ሳይፈርም የማንም ድምፅ አየር ላይ አይወጣም ይላል። ይህ የመጨረሻው በጥፋት የመጣ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የግቢው ዘበኛ ብቻውን ሲያንጎራጉር ደብቀው ቀድተው ለቀቁት፤ ተማሪው በሳቅ ሲፈርስ ሰውየው ሳምንት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ስም፣ ቀንና ድምፁ ለምን እንደተፈለገ ይጻፋል፣ ባለድምፁ ይፈርማል፣ ወረቀቷም የጫማ ካርቶን ውስጥ ትገባለች።

ጠዋት ደወል ከመደወሉ በፊት በረንዳው ላይ ይሰበሰባሉ። የዕለቱ ወሬ የቮሊቦል ውጤትና የፈነዳ ቧንቧ ነበር። ጆሮ በስብሰባ አትናገርም፤ አፍ የምታወጣው ማሽኑ ሲታመም ብቻ ነው። ዛሬ እጇን አወጣችና አንድ ወሬ እንዳላት፣ ግን እሷ ልትሠራው እንደማትችል ተናገረች። ለምን የሚባለው ልጅ እንደ ልማዱ «ለምን?» ብሎ ጠየቀ። «የአባቴ ስለሆነ» አለች። ካልሲዎቿን እያየች፣ ሳታቋርጥ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስትጨርስ ቮሊቦሉን ይዞ የመጣው ልጅ ማንም ሳይጠይቀው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። መቀስ ወዲያው ሥራ ታከፋፍል ጀመር፤ አባትየው ራሱ ፈቅዶ መፈረም አለበት፣ ኃላፊው መጠየቅ አለበት፣ ይህ ሁሉ ከስድስት ተኩል በፊት መሆን አለበት፤ ያላቸው ደግሞ የአራት ሰዓቱ እረፍት፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ። ወሬውን ለምን የሚባለው ልጅ ይሠራዋል፤ ጆሮ አባቷን ከማሳየት አልፋ ወሬው ውስጥ እጇን እንዳታስገባ ተባለች። እውነቱን ለመናገር ጆሮ ልጁን አትወደውም፤ ማይክ ላይ ሲተነፍስ ፈረስ የገባ ይመስላል። በዚያች ሰዓት ግን ልታቅፈው ምንም አልቀራት።

በአራት ሰዓት መምህሩ የፈረመላቸውን የመውጫ ወረቀት ለዘበኛው ሰጥተው መንገዱን በሩጫ ተሻገሩ። መናኸሪያው እንደ ሁልጊዜው ሻንጣና ሰው የተጋፋበት ነው፤ የናፍጣ ሽታ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ጫማ የሚያስጠርግ ሾፌር። ከበላዩ አባቷ ይጣራል። «የሐይቁ ተሳፋሪዎች፣ የሐይቁ ተሳፋሪዎች፣ በር ሦስት!» አሁን ሲሰሙት ያስታውቃል፤ በየአምስት ደቂቃው አንድ ዓይነት፣ ትንፋሹ እንኳን እዚያው ቦታ ላይ ይሳባል። አባቷ ከዚህ ሌላ መዋያ እንደሌለው ታውቃለች፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ግን አጣችው። ሻይ ቤቱ ውስጥም የለም። ያገኘችው በር ሦስት ላይ ነው። በር ሦስት ግን በር መሆኑ ቀርቷል፤ ለፍሳሽ ቱቦ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ተቆልሎ፣ በላስቲክ ታጥሯል። አባቷ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ሻንጣ የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር ጎንበስ እያለ «ስድስት ነው እናቴ፣ የሐይቁ ወደ ስድስት ተዛውሯል» ይላል። ሻንጣ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ ቆመና አፈጠጠበት። ድምፁን አውቆታል። ይኸው አሁን ከላይ ሦስት ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ፣ ትናንትም ሦስት እያልክ አውቶቡስ አስመለጥከኝ፣ የሰርግ ቤት ሰው ነኝ፣ በሰው ትቀልዳለህ ወይ እያለ አወረደበት። አባቷ ድምፁ የእሱ እንደሆነ፣ ጥፋቱ ግን የእሱ እንዳልሆነ ሊያስረዳ ሞከረ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለቸኮለ ሰው በምን ይነገራል? መጨረሻ ላይ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ሻንጣውን ተቀብሎ እስከ ስድስት ተሸከመለት። ሲመለስ ልጁ ጉድጓዱ ጋ ቆማ ጠበቀችው።

«አባዬ» አለች።

መጀመሪያ ያየው ትልቁን ሰዓት ነው። «ትምህርት የለም እንዴ?»

«ጠዋት ሰምቻለሁ።»

አባትና ልጅ ወደ ጉድጓዱ ተመለከቱ፤ የሚታይ ነገር ግን አልነበረም። ከላይ ድምፁ እንደገና ሦስት ሲል ትከሻው ስቅጥጥ አለ። ተቆጥቶ ወደ ክፍሏ የሚመልሳት መስሏት ነበር። እሱ ግን ከተያዘ በኋላ ቀለል ያለው ሰው ይመስል ጥቂት ሳቀና በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት አላት። በሩ ከተቀየረ አሥር ቀኑ ነው፤ ሳጥኗ ይህን አታውቅም፤ ለኃላፊው ቢነግረው ተመልሰህ አትምጣ አለው። «ከሥራ ማስወጣታቸውን ችዬዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ፣ ይበቃል» አለ። «ውሸታም ያደረጉኝን ግን አልቻልኩም። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሰው አሳስቼ አላውቅም።»

ደንቡ አንድ ቃል አይፈቅድላትም፤ እጇን ብቻ ዘርግታ ለምንን አሳየችው። ልጁም ለወትሮው ከሚጠይቀው ባነሰ ጥያቄ ነገሩን ገለጸለት፤ ጋሼ እያለ፣ ወረቀቷን በሁለት እጁ ይዞ። አባቷ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበባት። ድምፄን ስትወስዱ ይህን ታስፈርማላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሁልጊዜ አሉት። አስደግፎ የሚፈርምበት ነገር ቢያጣ ልጁ ጀርባውን አዋሰው፤ አባቷ እዚያ ላይ አስደግፎ ስሙን አንድ በአንድ ጻፈ። ስድስት ሰዓት ላይ ፊቴን ታጥቤ እመጣለሁ አለ። ከዚያ የቀራቸው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ለምን መቅጃውን ይዞ ወደ ኃላፊው ቢሮ በረረ፤ ጆሮ የአባቷን እጅ ለአንድ አፍታ ጨብጣ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ስቱዲዮው ውስጥ ሁሉም ተደራርቦ ለምንን ከቦታል። ኃላፊው ተናግሯል። ተናግሯል ብቻ አይደለም፣ ራዲዮ የሚለውን ቃል ሲሰማ ክራቫቱን አስተካክሎ አራት ደቂቃ ሙሉ አውርቷል። ስለ ዘመናዊነት አወራ፣ ስለ ቅልጥፍና አወራ፣ የሰውየውን ነገር ሲጠየቅ ደግሞ ጉሮሮውን ጠርጎ «ድምፁ የእኛ ነው፤ ሰውየው የእኛ አይደለም» አለ። ልጆቹ ይህችን ሲሰሙ ጮኹ፤ እንዲህ ያለ ቃል ለራዲዮ ሰው በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። አንዱ ጠረጴዛ ደበደበ፣ አንዱ ለምንን ጀርባውን መታው። መቀስ ብቻ እጇን ዘረጋች። ወረቀቷስ አለች። የለምን ፊት ከሰል መሰለ። ቸኩሎ መጀመሪያ ቀዳ፣ ወረቀቷን ያወጣው በኋላ ነው፤ ኃላፊውም ወረቀት ሲያይ የልጆች ጨዋታ ከመቼ ወዲህ ፊርማ ይጠይቃል ብሎ ከበሩ አስወጣው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይቺ ነች።

ወዲያው ክርክር ተነሳ። ሰውየው መቅጃ ፊቱ እያለ አውቆ ነው የተናገረው አሉ። ዘበኛው ተደብቆ ነው የተቀዳው፣ ይሄ ሌላ ነው አሉ። ቅጂውን ያመጣው ለምን ደግሞ «ወረቀት የሚያስፈልገው ለደካማ ነው፣ ኃላፊ ደካማ አይደለም» አለ፤ ክፉ ነጥብም አልነበረም። መቀስ ራሷ ደንቡን ከጻፉት አንዷ ሆና ሳለ በሩን ዘጋችና ከንፈሯን ትበላ ጀመር። ከዚያ ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ ጆሮ ዞሩ። ቅጂው ማሽኑ ላይ ተጭኖ ቆሟል፤ አንድ ቁልፍ ብትነካ ሰፈሩ ሁሉ ያንን ሰው በገዛ አፉ ይሰማዋል። ሾፌሮቹ ይሰሙታል፣ ሚስቱ ትሰማው ይሆናል። ፈልጋ ነበር፤ እንዲህ አጥብቃ ነገር ፈልጋ አታውቅም። በመስኮቱ መስታወት በኩል አባቷ ታያት፤ ፊቱን ታጥቦ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከፊዚክስ መምህሩ ጋር ተቀምጦ ስለ ሞገድ ርዝመት በጨዋነት እየሰማ።

«የአባቴንም የወሰዱት እንደዚህ ነው» አለች ጆሮ። «አልነካውም።»

ለምን የሚባለው ልጅ «አራት ደቂቃ ባዶ ሆነ» ብሎ አጉረመረመ፤ የኃላፊውን መልስ በጽሑፍ ቢያነቡት ሠላሳ ሴኮንድ አይሞላም። ለራዲዮ ልጅ ደግሞ ከባዶ አየር የባሰ ቅጣት የለም። መቀስ የቮሊቦሉን ልጅ ኪስ በዓይኗ ትፈልግ ጀመር። ጆሮ ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣላትና እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ማሽን ሠራተኛ ልናገር ብላ ጀመረች፤ ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። አራት ደቂቃ የሚሞላ ሰው በር ላይ ተቀምጧል፣ የከሰዓቱን አውቶቡሶች ይጥራ አለች፤ ትክክለኛውን ሰዓት፣ ትክክለኛውን በር። መቀስ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ መንጭቃ የዕለቱን ቅደም ተከተል ሰረዘች። ስድስት ሰዓት ከሃያ ስምንት ሆኗል።

አባቷን ሲያስገቡት የመጀመሪያው ችግር ማይኩ ነበር። ጆሮ ድምፁን እንድትለካ አንድ ነገር እንዲል ጠየቀችው፤ «ደህና ዋላችሁ ወይ» ሲል መለኪያው ቀይ ላይ ተሰፋ። አወረደችው፤ አሁንም ቀይ ነው። ማይኩን ወደ ጥጉ አራቁት፣ ብርድ ልብሱን ደረቡበት፣ መጨረሻ ላይ አባቷ በሩ ጋ እንዲቆም ሆነ፤ ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ማይክ የሸሸው ሰው እሱ ብቻ ነው። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ እሱም ሳቀ፣ ሳቁም መለኪያውን እንደገና ቀይ ላይ ሰፋው። ቀዩ መብራት በራ። ለምን ወሬውን አነበበ፣ እንደ ፈረስ ሳይተነፍስ፣ ቀስ ብሎ። የኃላፊውን መልስ ሳይጨምር ሳይቀንስ አነበበ። ከዚያ እንግዳቸው በየቀኑ ጉድጓዱ ጋ የሚቆመው በምን ምክንያት እንደሆነ ጠየቀው፤ አባቷም ድምፄ እዚያ እየዋለ እኔ ቤት መዋል አልሆነልኝም አለ። መቀስ በጣቷ አራት አሳየች። ጆሮ ቁልፉን ገፋች።

«የሐይቁ ተሳፋሪዎች፣ የሐይቁ ተሳፋሪዎች! የሰባት ሰዓቱ፣ በር ስድስት! እደግመዋለሁ፣ ሦስት አይደለም፣ ስድስት! ሦስት ላይ የቆማችሁ፣ እግራችሁን ወደ ቀኝ!» የወደቡን ጠራ፣ የስኳር ፋብሪካውን ጠራ፣ የላይኛውን ገበያ ጠራ። ወረቀት አልያዘም። በመካከል አንድ ጊዜ አሳለ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቀጠለ። ጆሮ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ አነሳችና በመስኮቱ በኩል አዳመጠች። መጀመሪያ ከሻይ ቤቱ፣ ከዚያ ከአንድ አውቶቡስ፣ ከዚያ ከሌላው፣ ሾፌሮቹ ራዲዮናቸውን ከፍ እያደረጉ ነበር። በመናኸሪያው ሰማይ ላይ ድምፅ ማጉያው ሦስት ይላል፣ ከየመስኮቱ ደግሞ ያው ሰው ስድስት ይላል። ግቢው ውስጥ ምሳቸውን የሚበሉ ተማሪዎች አጥሩ ላይ ተሰቅለው ሰው ወደ ስድስት ሲጎርፍ እያዩ ጮኹ። አንድ ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ፣ ሌላው ተቀበለው። መጨረሻ ላይ ድምፅ ማጉያው በር ሊል ሲል፣ ቁጥሩ ጋ ሳይደርስ፣ ተቆረጠና ጸጥ አለ። መቀስ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አባቷ ግን አልሰማም፤ ዓይኑን ጨፍኖ የመጨረሻውን አውቶቡስ እየጠራ ነበር።

ስልኩ የጮኸው ሙዚቃ ከለቀቁ በኋላ ነው። ኃላፊው ነበር። መቀስ አየር ላይ ይግባ ወይ ብላ በዓይኗ ጠየቀች፤ ጆሮ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፣ ስልኩን ከማሽኑ ነቅላ ለክፍሉ ብቻ አሰማችው። በእኔ አውቶቡስ ላይ ማን አዛዥ አደረጋችሁ ብሎ ጀመረ፤ ከጀርባው የሰው ጫጫታ ይሰማል። ሰው ቢሮዬን ሞልቶታል አለ፤ ሁሉም ከሁለቱ የትኛውን እንመን እያለ ይጠይቀኛል አለ። አባቷ እጀታውን ተቀበለ። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደውን አክብሮት አላጎደለም፤ ደህና ዋሉ ብሎ ጠየቀው። ኃላፊው ተንፍሶ ነገ ጠዋት መጥቶ የተቀየሩትን በሮች እንደገና እንዲቀዳለት፣ የቀን አበሉን እንደሚያስብለት ነገረው።

«አልቀዳም» አለ አባቷ።

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«የዘጠኝ ሰዓቱን የሐይቅ አውቶቡስ ቆሜ እኔ ልጥራ። ከዚያ በኋላ ያለውንም እኔ ልጥራ። ሳጥኗን ያንሷት።»

ስልኩ ውስጥ ጫጫታው ብቻ ተሰማ። «እስቲ አያለሁ» አለ ኃላፊው፣ ዘጋውም። አያለሁ ማለት በአለቃ አፍ ብዙ ነገር ነው፤ እሺም ነው፣ እምቢም ነው፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ እርሳው ነው። አባቷ ጃኬቱን ቆለፈ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ጆሮ ዞረና እናትሽ ራዲዮ ከፍታ እንደሆነ አላወቅኩም አላት። እሷም አላወቀችም። ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ዛሬ ማታ በዚያ ቤት ዝም ማለት እንደማይቻል ገብቷቸዋል።

ከሰዓት ሒሳብ ነበራቸው። ወሬው ክፍሉን አዳርሷል፤ መምህሩ ሰሌዳውን ሲሞላ የሚገለብጥ የለም፤ ነፋስ እየገባ እንኳን መስኮቱን የዘጋ የለም። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ድምፅ ማጉያው ትንፍሽ አላለም። ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ስምንት ተኩል አለፈ፤ አውቶቡሶች ዝም ብለው ወጡ፣ ማንም አልጠራቸውም። ጆሮ እርሳሷን እየላሰች ሰበብ ትደረድራለች፤ ሳጥኗን እየጠገኑ ይሆናል፣ አባቷን ከበሩ መልሰውት ይሆናል፣ እንደገና ጉድጓዱ ጋ ቆሞ ይሆናል። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ሲሆን ከመንገዱ ማዶ ድምፅ ማጉያው ኮሽ አለ። ክፍሉ በሙሉ ቀጥ አለ።

«የሐይቁ ተሳፋሪዎች፣ የሐይቁ ተሳፋሪዎች…»

ያው ድምፅ ነው። ያው አወራረድ፣ ያው የትንፋሽ ቦታ፣ ሃያ ቀን በዚህ መስኮት የሰማችው። ሳል የለው፣ መሳሳት የለው። ጆሮ ተብላ የምትጠራው ልጅ የአባቷን ጉሮሮና የሳጥኗን ሆድ መለየት አቃታት። ከፊት የተቀመጠው ለምን ዞሮ አያት፤ እሷ ግን ወደ መስኮቱ አፍጥጣለች። ሳጥኗ ከሆነች የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ድምፁ ቁጥሩ ጋ ሊደርስ ቆም አለ፤ ሁልጊዜም እዚያ ላይ ቆም ይላል።

«በር… ስድስት! ስድስት ነው፣ እናቶቼ፣ በቀኝ በኩል!»

ክፍሉ ፈነዳ። ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ደብተር ወደ ላይ ተወረወረ፣ የሒሳብ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ተስፋ ቆረጠ። ጆሮ እያለቀሰች መሳቋን፣ ወንበሯም ላይ መቆሟን ያወቀችው አጠገቧ ያለችው ልጅ ቀሚሷን ስትጎትታት ነው።